ጠሃ ባሌስትራና የሙሽራው ቀይ መኪና

ደጎሎ ገበያ ዳር ቆሞ «ጠሃ ሰይድ የሚባል ሰው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ መልስ አያገኝም ነበር። «ጠሃ ባሌስትራ» ካለ ግን ጫኝ አውራጁም፣ ሻይ ቤት የተቀመጠውም እጁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀስርና «ቀስ ብለህ ግባ፣ ዛሬ ተቆጥቷል» ይለዋል። ጠሃ ያልተቆጣበትን ቀን ያየ ሰው እኔን አላጋጠመኝም። በአስተማሪነት ደጎሎ በነበርኩባቸው ዓመታት ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ኖረናል። ይህን ታሪክ የነገረኝም በአንድ ቀን አይደለም፤ እየተቆጣ፣ እያቋረጠ፣ አንዳንዴ መፍቻውን መሬት ላይ ወርውሮ እየወጣ ነው የነገረኝ።

የተወለደው ለጋምቦ ውስጥ፣ ከአቀስታ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። አባቱ ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በእግራቸው እንዲተካ ተመኝተው ነበር፤ እሱ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ደሴ ወርዶ ሙሴ ጂኖ የሚባል የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ገባ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ «ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚውል ልጅ አለኝ» እያሉ ነበር የሚናገሩት፤ ኩራት ይሁን ኀዘን አይታወቅም።

ሙሴ ጂኖ ሞተር የሚሠራ ሰው ሞልቷል ባይ ነበር። እሱ ጠሃን ያስተማረው መኪና መሬት የምትረግጥበትን ነገር ነው፤ ሞላውን፣ የብረት ቅጠል ድርድሩን ባሌስትራውን፣ ጎማ የሚለብሰውን ቸርኬውን፣ ጎማውን። ጠሃ አሥራ አራት ዓመት ከሠራ በኋላ መኪና በሩቅ ስትመጣ አይቶ የትኛው የባሌስትራ ቅጠል እንደላላ ይናገር ነበር። የሀብታም ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ በገለባ እስር በታጠረ ሜዳ ለሚያደርጉት እሽቅድምድም መኪናቸውን ከዚያ ድረስ ወደ እሱ ያመጡ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀይ ባለሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና ጋራዡ ገባች። ነጂው ልጅ አሻግሬ ብዙነህ ነው፤ የመካነ ሰላሙ ባለርስት የቀኛዝማች ብዙነህ ልጅ፣ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም የማያወልቅ ሰው።

«ዳግም ትንሣኤ ሰርጌ ነው» አለ። «መካነ ሰላም፣ አባቴ ቤት። ሙሽራዬን የማመጣት በዚህች ነው። አዘጋጃት።»

ጠሃ ከሥሯ ተኝቶ ብዙ ቆየ። ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጌታዬ፣ ይቺ የተሠራችው ለሜዳ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«የፊት ሞላዎቿ አጫጭርና ደረቅ ናቸው። የኋላ ባሌስትራዋም ጉብጠቱ ተመትቶ ተዘርግቷል። ይህ አስፋልት ላይ በፍጥነት ስትታጠፍ ወደ ጎን እንዳትተኛ ነው። ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ጎማዋ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ግን አጭር ነው። ቸርኬዋ ደግሞ ቀልጦ ከፈሰሰ ቀላል ብረት የተሠራ ነው። ስለቀለለ ቶሎ ትነሳለች፣ ቶሎ ትቆማለች። ድንጋይ ሲነካው ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ይሰነጠቃል።»

«ለመንገድስ ምን ይሻላል?»

«ረጅም ሞላ፤ ቅጠሉ ሳሳ ብሎ ጎበጥ ያለ ባሌስትራ። ቸርኬው የላሜራ ይሁን። የላሜራው ይከብዳል፣ ውበትም የለውም። ጉድጓድ ሲመታው ግን ይጣመማል እንጂ አይሰበርም፤ በመዶሻ ቀጥቅጬ እመልሰዋለሁ። ጎማው ጠበብ፣ ከፍ ይበል፤ ድንጋዩን እሱ ይዋጠው። ስትታጠፍ ትንሽ ትወዛወዛለች። ከአቀስታ ወዲያ ግን በፍጥነት የሚታጠፍ ሰው የለም።»

«መካከለኛ የለውም?»

«አለ። የመንገዱን ሞላ ጠንከር ያለውን እመርጣለሁ፣ ቸርኬውን ላሜራ አደርገዋለሁ። ሜዳ ላይ ትንሽ ትዘገያለች፣ መንገድ ላይ ትንሽ ታንገላታለች፤ ግን ደርሳ ትመለሳለች። ለእርስዎ የሚበጀው እሱ ነው።»

አሻግሬ ሳቀ። «ሙሽራ በታክሲ ቸርኬ አላመጣም» አለ። የወሰነውም እንዲህ ነው፦ እስከ መካነ ሰላም ዳር በመንገዱ ሞላና በላሜራው ቸርኬ ይኬዳል፤ የሜዳው ዕቃ በሙሉ በጭነት መኪና ይከተላል፤ ከተማው አፋፍ ሲደርሱ ጠሃ ሁሉንም ይቀይርና መኪናዋ ዝቅ ብላ፣ ቸርኬዋ እያብለጨለጨ ትገባለች። «አንተም ትመጣለህ» ብሎ ጨረሰ።

ጠሃ እሺ ያለው ለአሻግሬ ብሎ አይደለም። መንገዱ በለጋምቦ ያልፋል፤ እናቱን ካያቸው ሁለት ዓመት ሆኖታል። በልግ ሁለት ዓመት እንደቀረ ሰምቷል። ደሴ ውስጥ ከየገጠሩ የመጣ ሰው በየአጥሩ ሥር ወድቆ ያያል፤ ነገሩን ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም። አንድ የጋራዡ ደንበኛ «ይህ ረሀብ...» ብሎ ሲጀምር ሌላው «ዝም በል፣ የምን ረሀብ ነው፣ አገር ደህና ነው» ብሎ እጁን ይዞ ሲያወጣው በዓይኑ አይቷል።

በፋሲካ ሳምንት መጨረሻ ተነሱ። ከፊት ክንፈ የሚባል የቀኛዝማች ሾፌር የጭነት መኪናውን ይነዳል፤ የሜዳው ቸርኬና ሞላ፣ የመጠጥ ሳጥን፣ ፍራሽና ምንጣፍ ተጭኖበታል። ከኋላ ጠሃ ከአሻግሬ ጎን ተቀምጦ ቀይዋ መኪና ትከተላለች። መኪናዋን አስተካክሎ ነበር የሠራት። ጉድጓዱን እየዋጠች፣ እየተለጠጠች ትሄዳለች፤ አሻግሬም «አልጋ ናት» እያለ ያሞግሰዋል።

አቀስታን አልፈው ደጋው ሜዳ ላይ ሲወጡ ሰዉን አዩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጧል። አይለምንም፣ አይነሳም፤ መኪና ሲመጣ ዓይኑን ብቻ ያዞራል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሁሉ በሕይወት ያለ ይሁን አይሁን አይለይም። ማሳው ባዶ ነው፤ የገብስ ቡቃያ መኖር የነበረበት ቦታ አቧራ ይነሳል። አሻግሬ መስኮቱን ዘጋ። «ነፋሱ» አለ።

አንድ ቦታ ላይ ክንፈ ጎማ ለማየት ቆመ፤ እነሱም ቆሙ። ጠሃ ወርዶ የኋላውን ጎማ በእግሩ ሲመታ አንዲት ሴት ከተቀመጡት መሀል ተነሳች። በጀርባዋ ሕፃን አዝላለች፤ አንድ ከፍ ያለ ልጅ ቀሚሷን ይዟል።

«ጠሃ?» አለች።

በድምጿ ነው ያወቃት። ታላቅ እህቱ ፈትሂያ ናት። ፊቷ የሷ አልነበረም።

«እማስ?» አላት።

«ኺዳለች። ዛሬ ስምንት ቀኗ።»

«ማን ቀበራት?»

«እኔና ጎረቤታችን ፈዲላ ነን። ወንዶቹ መቆፈር አቅቷቸዋል። ጥልቅ አላደረግነውም ጠሃዬ፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ ጥልቅ አላደረግነውም።»

የአሻግሬ መኪና ጥሩምባዋን ነፋች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። መስኮቱ ተከፈተና ከሰርጉ ስንቅ አንድ ዳቦ በእጅ ወጣ። «ስጣትና ግባ! ቀኑ ሄደብን እኮ!»

ጠሃ ይህን ሲነግረኝ ከተቀመጠበት ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። «ገባሁ» አለኝ። «ይገባሃል? ዳቦዋን ሰጥቻት ገባሁ። የሰው ልጅ ምን ያህል ውሻ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ፤ ውሻው እኔ ነበርኩ።»

መካነ ሰላም ዳር በደረሱበት ሜዳ ላይ፣ ሰው ከቦ እያየው፣ በክሪክ አንስቶ የሜዳውን ዕቃ ገጠመ። እጁ ሥራውን ይሠራል፤ አእምሮው ግን መቃብሩ ላይ ነው፤ ጥልቅ ያልተደረገው ላይ። ሲጨርስ መኪናዋ መሬት ልትልስ ደርሳለች። አራቱ ቸርኬዎች በፀሐይ ያበራሉ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ እስከ ሙሽራዋ ቤት ሁለት ቦይ አለ። ሰው አስወርደው፣ አግድም ይዘው፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ይለፉ። ካልሆነ ቸርኬው አይችልም።»

«እንግዳ እያየኝ እንደ ኤሊ ልሂድ?»

የመጀመሪያውን ቦይ ቀስ ብሎ አለፈ። ሁለተኛው ጋ ሰዉ እልልታውን ሲያቀልጠው ነዳጅ ረገጠ። የፊት ቀኙ ጎማ ቦዩ ውስጥ ገብቶ የዳሩን ድንጋይ ሲመታ እንደ ጠመንጃ የጮኸ ድምፅ ተሰማ። ሞላው ደረቅ ስለሆነ አልዋጠውም፤ የጎማው ግድግዳ አጭር ስለሆነ አላገደውም። ቸርኬው ከመሀሉ እስከ ዳሩ ተሰንጥቆ ተከፈተ። መኪናዋ በአፍንጫዋ ተተከለች።

እልልታው ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ጠፋ። አሻግሬ ወረደ፣ ቸርኬውን አየ፣ ጠሃን ፈልጎ አገኘውና በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታው።

«ብሎኑን አላልተህ ነው!»

«ነግሬዎታለሁ» አለ ጠሃ። «ደሴ ላይም፣ አሁንም ነግሬዎታለሁ።»

ደግሞ መታው። ሙሽራዋ በበቅሎ መጣች።

ሰርጉ አለፈ። ጠሃ በግቢው ጥግ የዕቃ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲበላ አይቶ አልበላም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ያየው ነገር ከሰርጉ የባሰ ነበር። የቀኛዝማች ጢሰኞች የዓመት ድርሻቸውን እያመጡ ነው። ምናለ የሚባለው የቀኛዝማች ወኪል ቁና ይዞ ይሰፍራል፤ ቁናውን ከአፉ በላይ እየከመረ፣ የፈሰሰውን ወደ ጌታው ክምር እየጠረገ። ይታይሽ የምትባል ጠና ያለች ባልቴት «ልጄ፣ ዘንድሮ ከዘሩም ወስዳችሁብኛል» ስትለው «ለእግዜር ንገሪው» አላት። ስድሳ ኩንታል ገብስና ስንዴ በክንፈ መኪና ላይ ተጫነ። የተሸከሙት ራሳቸው ጢሰኞቹ ናቸው። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ስለወጣ ሊሸጥ ነው።

አሻግሬ መጥቶ «ከክንፈ ጋር ሂድ» አለው። «ሙሴ ጂኖ ዘንድ ተመሳሳይ ቸርኬ መርጠህ በአምስት ቀን ተመለስ። አደራ፣ እንደዚህኛው የሚያብለጨልጭ ይሁን።»

እዚያ ላይ ነው ነገሩ በጠሃ ውስጥ የተገለበጠው። ስድሳ ኩንታል እህል በተራበ አገር መሀል አልፎ ሄዶ፣ ሲመለስ አንድ ቸርኬ ይዞ ሊመጣ ነው።

ለጋምቦ ሜዳ ላይ፣ ፈትሂያን ካገኘበት ቦታ ሲደርሱ «ክንፈ፣ አቁም» አለ።

ክንፈ ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አላቆመም። «የምታስበውን አውቃለሁ። በአላህ ተወኝ ወንድሜ» አለ፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን የወሎ ሰው ነው። «አምስት ልጅ አለኝ። ይሰቅሉኛል።»

«ባሌስትራህ ተሰብሯል።»

«ምን? ምንም አልተሰበረም።»

«ሊሰበር ነው እያልኩህ ነው! አቁም!»

ክንፈ አቆመ። ጠሃ መፍቻውን ይዞ ከኋላ ሥር ገባ። የባሌስትራውን ቅጠሎች አንድ ላይ የሚይዘውን ብሎንና ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክስ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ቅንፎች አላላ። ቅጠሎቹ ከክብደቱ የተነሳ ተንሸራተው መኪናው ወደ ግራ አጋደለ። ጭነት ሳይወርድ እንዲህ ያለ መኪና አንድ እርምጃ እንደማይሄድ የማያውቅ ሾፌር የለም።

«አሁን ጭነቱ መውረድ አለበት» አለ ጠሃ ከሥር ወጥቶ። «አንተ ያየኸው ይሄን ነው። ሌላ ምንም አላየህም።»

ክንፈ መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ወርዶ ሸራውን መፍታት ጀመረ።

መጀመሪያ ማንም አልተጠጋም። እህል ወርዶ ሲያዩ የሚዘረፍ መሰላቸው፤ ወይም ጠባቂ የሚተኩስ። ፈትሂያ ናት ፊት የወጣች። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትታ እጇን አስገባች፣ አወጣች፣ አየችው። ከዚያ ሁሉም በአንዴ መጣ። አንዳንዱ ጥሬውን ወደ አፉ ሲጨምር ፈትሂያ እየዞረች እጅ እጁን መታች።

«በጥሬው አትብሉ! አንጀት ይበጥሳል፣ ትሞታላችሁ! ቤት ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ቆልታችሁ፣ አላምታችሁ ብሉ!» ትጮሃለች። ፈዲላን አንዱ ጆንያ ላይ አስቀመጠቻት፤ የዘይት ጣሳ ሰጥታት በየቤተሰቡ እንድትሰፍር አደረገች። ቤት ተኝተው መምጣት ያልቻሉትን ስም እየጠራች ለጎረቤት አስያዘች። አንድ ወጣት ሁለት ጊዜ ሊወስድ ሲል ጎትታ መለሰችው። ጠሃና ክንፈ ጆንያ ከማውረድ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ከሰዓት በኋላ መኪናው ባዶ ነበር።

ጠሃ ባሌስትራውን መልሶ አሰረ። ክንፈ «አንተ ሽሽ» አለው። «በወግዲ አድርገህ ውረድ። እኔ አላየሁትም እላለሁ።»

«አንተን ደብድበው ያናግሩሃል» አለ ጠሃ። «ልጆች አሉህ። አብረን ነው የምንመለስ።»

መካነ ሰላም ሲገቡ አሻግሬ በረንዳ ላይ ነበር። መኪናው ባዶ ሆኖ በአምስት ቀን ፋንታ በማግስቱ ሲመለስ አይቶ ወረደ።

«ቸርኬውስ?»

«የለም።»

«እህሉስ?»

«ተበላ።»

«ማን በላው?»

«የተራበ።» የጠሃ ድምፅ እየጨመረ ሄደ። «እኔ ነኝ ያወረድኩት። ክንፈ መኪናው ስለተሰበረበት ቆመ እንጂ አያውቅም። እናቴን ሁለት ሴቶች እንደ ድመት ግልገል አፈር አልብሰው ቀበሯት፤ አንተ ግን ጥሩምባ ነፋህብኝ! ስማ፣ መኪናህ ለሜዳ እንጂ ለዚህ አገር አልተሠራችም፤ አንተም ለዚህ አገር አልተሠራህም!»

አንተ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፈበት ምናለ ነበር።

ፍርድ ቤት አልቀረበም። መካነ ሰላም እስር ቤት አሥራ ሦስት ወር ተቀመጠ። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ዳግመኛ መፍቻ አልያዘም። አሻግሬ ቀይዋን መኪና ሼድ ሥር በድንጋይ አስደግፎ ሙሽራዋን ይዞ በአባቱ መኪና አዲስ አበባ ሄደ። ክንፈ በየሳምንቱ እንጀራ ያደርስለት ነበር፤ ወሬም ያመጣለታል። በኅዳር ገደማ «አገሩ ሁሉ ስለ ረሀቡ አወቀ፣ እርዳታ አቀስታ ደረሰ» አለው። በየካቲት «አዲስ አበባ ተነሣ፣ ወታደሩም ታክሲ ነጂውም ተነሣ» አለው። በሰኔ የእስር ቤቱ አዛዥ ራሱ ምን እንደሚመጣ ስላላወቀ ክስ የሌለባቸውን ሁሉ በር ከፍቶ ለቀቃቸው።

ጠሃ በቀጥታ ለጋምቦ ሄደ። ፈትሂያ ነበረች። ትልቁ ልጇ ነበር። በጀርባዋ የነበረው ሕፃን በክረምቱ ሞቷል። ሁለቱን ይዞ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰ፤ እዚያ ክንፈ ሥራ አግኝቶለት ነበር።

በ1967 የካቲት የመሬት አዋጁ ወጣ። ቀኛዝማች ብዙነህ ጠመንጃ የያዙ ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። አሻግሬ የት እንደገባ አልታወቀም። ጠሃ ያን ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት ሲስቅ ታይቷል ይላሉ። የገበሬ ማኅበር ሲመረጥ ሊቀመንበር የሆነው ግን ምናለ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የማሳውን ወሰን የሚያውቅ እሱ ነበር። ካኪ ለበሰ፤ ከሁሉም በላይ ጮኾ «መሬት ለአራሹ» የሚል እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ጠሃን አስጠራው። ሼዱ ሥር፣ ቀይዋ መኪና አጠገብ ቆሟል።

«ጓድ ጠሃ» አለው፣ «የሕዝብ ንብረት ነች እንግዲህ። ለሥራ እፈልጋታለሁ፣ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር አለብኝ። ያን የመንገዱን ሞላ አግባላት። ቸርኬውን ግን ያ የሚያብለጨልጨውን አድርግ፤ የተሰነጠቀውን ደሴ ልከን እናስመጣለን።»

ጠሃ ቀና ብሎ አየው። «በምን መኪና ነው የሚላከው?» አለ።

«በክንፈ። የማኅበሩን እህል ይዞ ይሄድ የለ።»

ጠሃ ጥሎት ወጣ። እሑድ ስብሰባ ነበር፤ ከዋርካው ሥር ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል። ምናለ ስለ ጭቆና ሲናገር ጠሃ ከኋላ ተነሳ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ቁናውን ይከምር የነበረው ማነው?»

ምናለ «ጓድ፣ ሥነ ሥርዓት...» ሲል ጠሃ ድምፁን ከፍ አደረገ። «በዱላ ጣቴን የሰበረኝ ማነው? አሁን ደግሞ የአሻግሬን መኪና አሰማምርልኝ ያለኝ ማነው? ጌታ ሄደ ስትሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሄደው ኮፍያው ነው!»

ሁለት የታጠቁ ወጣቶች ወደ ጠሃ ሲሄዱ ይታይሽ በምርኩዟ ተነሳች። ያቺ ዘሯ የተወሰደባት ባልቴት ናት።

«ቁጭ በሉ ልጆች» አለቻቸው። «ቁናውን የከመረብኝ ምናለ ነው፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ፈርቶ ነው። እኔ ከዚህ ወዲያ የምፈራው ምን አለኝ? መኪናዋን ለማንም አትስጡ። ብረት ናት። ለባለእጅ ስጧትና ማረሻ ትሁን።»

መጀመሪያ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም። ምናለ ፈገግ ብሎ «የሕዝብ ውሳኔ ነው» አለና አጻፈው፤ ብልህ ሰው ነበር። ጠሃ በማግስቱ መኪናዋን ፈታታት። የሜዳውንም የመንገዱንም ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል አወጣ፤ ለማረሻ እንደ ባሌስትራ ያለ ብረት የለም። ባለእጁ አሥራ አንድ ማረሻ ቀጠቀጠ።

ማረሻው ዕጣ ወጥቶበት ሲታደል ግን ከአሥራ አንዱ ሰው በሬ የነበራቸው አራቱ ብቻ ናቸው። የሌሎቹ በሬዎች በረሀቡ አልቀዋል። ይታይሽ የደረሳትን ማረሻ በሻሽ ጠቅልላ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ምናለ በሊቀመንበርነቱ ቀጠለ። ጠሃ ግን «ሥርዓት አልበኛ» ተብሎ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ወጣት ከየቤቱ የሚወሰድበት ዘመን ሲመጣ ክንፈ በአንድ ጠዋት መኪናውን በራቸው ላይ አቁሞ «ጫን» አለው። ፈትሂያንና ልጇን፣ አንድ የዕቃ ሳጥን ይዞ ደጎሎ ገባ። እኔ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ይሠራል፤ ትንሽ መኪና ይዞ የመጣን ሰው ግን ሳያይ ይመልሳል። በሦስት ሙሉና በሁለት ጎደሎ ጣት መዶሻ ሲያነሳ ሾፌሮች ቆመው ያዩት ነበር። ሚስት አላገባም።

አንድ ጊዜ፣ ታሪኩን ከጨረሰልኝ በኋላ፣ ሞኝነት ሆኖብኝ «ቢሆንም ትልቅ ሥራ ሠርተሃል፣ ስንት ነፍስ አድነሃል» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «ስንት?» አለኝ። «ስንት ነፍስ? ንገረኝ እስቲ አስተማሪው! ስድሳ ኩንታል ለዚያ ሁሉ ቤት ስንት ቀን ነው? ሦስት ሳምንት በሉ። ከዚያስ? ከሰኔ እስከ ኅዳር ማን አበላቸው? ፈዲላ ጣሳውን ይዛ ለሰው ስትሰፍር የዋለችው በነሐሴ ሞተች። አመሰግናለሁ ልበል? ስድሳ ኩንታል አንድ ሌባ መካኒክ እስኪያወርደው ድረስ የሚጠብቅ አገር ምን ዓይነት አገር ነው?»

ፈትሂያ ከውስጥ ቤት የንፍሮ ሳህን ይዛ ወጣች፤ በመካከላችን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷ ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«በቃህ፣ ብላ» አለችው። «አስተማሪው፣ እርስዎም ይብሉ።»

ጠሃ እየተነጫነጨ እጁን ዘረጋ።